«አርባ ልጆች» እና የአንድ ሳህን እራት፦ ለሩቅ አገር እጓለ ማውታ የተሰበሰበ ገንዘብ ታሪክ ምን ያስተምረናል?



በዚህ ገጽ ላይ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግና ስለ ሀገር አስተዳደር ነው። ዛሬ ግን ፖለቲካ የሌለበት ስለሚመስል ጉዳይ ልጽፍ ተነሥቻለሁ፤ በሩቅ አገር ለሚኖሩ ወላጅ አልባ ሕፃናት በጎ ፈቃደኞች ስለሚያሰባስቡት መዋጮ። «ስለሚመስል» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያም በኋላ በልዩ ልዩ ክልሎች የቀጠሉት ግጭቶች እናትና አባታቸውን የነጠቋቸው ሕፃናት ጥቂቶች አይደሉም። ለእነርሱም ሲባል በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልምና በሌሎችም ከተሞች ወገኖቻችን ኮሚቴ እያቋቋሙ፣ እራት እያዘጋጁ፣ የሕፃናቱን ፎቶግራፍ እየለጠፉ ገንዘብ ይሰበስባሉ። ይህን ሥራ ከልቤ አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ የምናደርገው ነገር ታሪክ ያለው፣ ከእኛ በፊት በትልቁ የተሞከረ፣ ያማረ ፍሬም መራራ ፍሬም ያፈራ መሆኑን ብዙዎቻችን የምናስታውስ አይመስለኝም። የዚያ ታሪክ አንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የተተከለ ነው።

ከአንድ ቴሌግራም የተነሣ

እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1915 በቁስጥንጥንያ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ሄንሪ ሞርገንታው ወደ ዋሽንግተን አንድ ቴሌግራም ላኩ። የኦቶማን መንግሥት አርመናውያን ዜጎቹን እየፈጀ መሆኑን አስታውቀው፣ የተረፉትን ለማዳን ገንዘብ የሚያሰባስብ ኮሚቴ በአሜሪካ እንዲቋቋም ለመኑ። በዚያው ወር ክሊቭላንድ ዶጅ የተባሉት ባለጸጋ፣ የሚሲዮን መሪው ጄምስ ባርተንና ሌሎች ታዋቂ ሰዎች ኒው ዮርክ ላይ ተሰባሰቡ፤ የመጀመሪያው መዋጮ 60,000 ዶላር ነበር። ኮሚቴው ስሙን ደጋግሞ ከለዋወጠ በኋላ በ1919 በአሜሪካ ምክር ቤት አዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አግኝቶ «ኒር ኢስት ሪሊፍ»፣ በእኛ አነጋገር «የቅርብ ምሥራቅ እርዳታ» ተባለ።

እስከ 1930 ድረስ ይህ ድርጅት ወደ 116 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብና ቁሳቁስ እንዳሰባሰበ፣ 132,000 ያህል ወላጅ አልባ ሕፃናትንም በማሳደጊያዎቹ እንዳሳደገ ይነገርለታል። ከማሳደጊያዎቹ አንዱ ዛሬ ጉምሪ በምትባለው በአሌክሳንድሮፖል ከተማ የነበረው ሲሆን፣ ከ20,000 በላይ ሕፃናት የተጠለሉበት በመሆኑ «የእጓለ ማውታ ከተማ» እስከ መባል ደርሷል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት መጣ? ጥቂት ባለጸጎች ብዙ ሰጥተዋል። የሥራው የጀርባ አጥንት ግን ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሰዎች ነበሩ። ለየክፍለ ግዛቱ ኮታ ተደለደለ፤ በየከተማው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ መምህራንና የቤት እመቤቶች ተሰለፉ። ያረጀ ልብስና ጫማ በየሠፈሩ ተለቀመ። በ1924 በፊልም ዝነኛ የነበረው ሕፃን ጃኪ ኩጋን በየከተማው እየዞረ የአሜሪካ ልጆች የታሸገ ወተት እንዲያዋጡ ቀሰቀሰና የተሰበሰበው በመርከብ ወደ ግሪክ ተላከ። ምግቡን ሳይጨርስ ለሚነሣ ልጅ የአሜሪካ እናት «የተራቡትን አርመኖች አስብ» ማለቷ ከዚያ ዘመን የወረሱት ልማድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል እነዚያ ሰዎች ባይሰሙትም በተግባር ኖረውታል።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን በ1923 የተጀመረው «የወርቃማው ሕግ እሑድ» ነው። በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያው እሑድ እያንዳንዱ ቤተሰብ በማሳደጊያ ያሉት ሕፃናት የሚበሉትን ያንኑ ተራ ምግብ በልቶ፣ ከዘወትር ማዕዱ የተረፈውን ወጪ ለሕፃናቱ እንዲሰጥ ተጠየቀ። የጾምን ትርጉም ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አሳብ አይደለም። ጾመኛ ከራሱ የቀነሰውን ለድኃ እንዲሰጥ አባቶቻችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ልዩነቱ አንድ ሥርዓት ወጥቶለት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ ሒሳብ ተይዞለት የሕዝብ ሥራ መሆኑ ብቻ ነው።

ፎቶግራፉና የፎቶግራፉ ባለቤት

ይሁን እንጂ ሳንቲሙ ሌላ ገጽታም ነበረው። ኦሮራ ማርዲጋንያን የምትባል ወጣት ቤተሰቧ ሁሉ አልቆባት በ1917 ኒው ዮርክ ደረሰች። ታሪኳ በመጽሐፍ ታተመ፤ ወዲያውም በ1919 ፊልም ተሠራበትና የራሷን መከራ ራሷ እንድትተውን ተደረገ። አሥራዎቹን ያልጨረሰች፣ እንግሊዝኛ ገና ያልለመደች ልጅ ነበረች። በፊልሙ ሥራ ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ቢሰበርም ቀረጻው አልቆመም። ከዚያም ፊልሙ በሚታይበት ከተማ ሁሉ እየቀረበች እንድትታይ ተገደደች፤ አቅሟ ተሟጦ ስትወድቅ ደግሞ እርሷን የሚመስሉ ሴቶች ተቀጥረው በስሟ ቀረቡ። ፊልሙ ለሕፃናቱ ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል። ነገር ግን ሕፃናትን ለማዳን በሚል ዓላማ አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ተበዝብዛለች።

በዚህ ነጥብ ላይ ተማሪዎቼ ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ሥዕሉ ካልታየ ማን ይሰጣል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚያ ዘመን አሜሪካዊም ልቡ የተነካው ከግድግዳ ላይ በሚያያቸው የተራቡ ሕፃናት ሥዕሎች ጭምር እንደ ነበር አይካድም። ሆኖም ያው ድርጅት ሁለት መንገዶችን ጎን ለጎን አሳይቶናል። አንደኛው መንገድ ችግረኛውን ያስለቅሳል፤ ሌላው ሰጪውን ያስርባል። በፊልሙ መንገድ የልመናውን ዋጋ የከፈለችው ተረጂዋ ናት። በእሑዱ ማዕድ ግን ዋጋውን የከፈለው ሰጪው ራሱ፣ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሳህኑ ነው። የትኛው ብዙ ገንዘብ እንዳመጣ መከራከር ይቻል ይሆናል። የትኛው ሰውን እንዳከበረ ግን የሚያከራክር አይመስለኝም።

ገንዘቡ ሞላ፣ ፍርዱ ጎደለ

አሁን ወደ ፖለቲካው ልመለስ። ለእነዚያ ሕፃናት የአሜሪካ ሕዝብ ይህን ያህል ሲሰጥ መንግሥቱ ምን ሰጠ? ፕሬዚዳንት ዊልሰን አሜሪካ አርመንን በሞግዚትነት እንድትጠብቅ ምክር ቤቱን በግንቦት 1920 ጠየቁ። ሴኔቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1920 በ52 ድምፅ በ23 ላይ ውድቅ አደረገው። በ1922 የቱርክ ብሔርተኞች ድል ሲቀናቸው ድርጅቱ ወደ 22,000 የሚሆኑ ሕፃናትን ከአናቶልያ አንሥቶ ወደ ሶርያ፣ ወደ ሊባኖስና ወደ ግሪክ ማሸሽ ግድ ሆነበት። በሐምሌ 1923 በሎዛን የተፈረመው ውል ደግሞ የአርመን መንግሥትን ጉዳይ ጨርሶ ሳያነሣ ተዘጋ። ወተቱ በመርከብ ሲጓዝ የሕፃናቱ አገር ከካርታው ላይ ተፍቆ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ «ምጽዋት ከንቱ ነው» የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ሰው ይሳሳታል። 132,000 ሕፃን በሕይወት መኖሩ በራሱ ምክንያት የማያሻው መልካም ነገር ነው። የምለው ሌላ ነው፤ ምጽዋት የፍትሕን ቦታ ሊተካ አይችልም፣ አንዳንድ ጊዜም የፍትሕ መጥፋት መሸፈኛ ይሆናል። የሰጠ ሰው ልቡ ይረጋጋል፤ የተረጋጋ ልብ ደግሞ አይጠይቅም።

በኢየሩሳሌም የተሰማው ዜማ

በ1916 ዓ.ም. የጸደይ ወራት አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም አለፉ። በአርመን ፓትርያርክ መንበር ጥላ ሥር ከእልቂቱ የተረፉ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ከፓትርያርኩ ጋር ተነጋግረው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ፤ ልጆቹም እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 1924፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። ከእነርሱ ጋር በመምህርነት የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተሰምቶ እስከ አብዮቱ ድረስ ዘለቀ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ ዘመን ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ብዙ ሙዚቀኞችን አፍርቷል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንደኛ፣ ዕዳ ነበረብን። በ19ኛው መቶ ዘመን በኢየሩሳሌም የሚኖሩ መነኮሳቶቻችን ርስታቸውን ተነጥቀው በተቸገሩ ጊዜ ከአርመን ገዳም የዕለት ምግብ ያገኙ ነበር። በእቴጌ እሌኒ ዘመንም ወደ ፖርቱጋል የተላከው መልእክተኛ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነበር። ሁለተኛ፣ ጥቅም ነበረበት። አልጋ ወራሹ ዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ ይሹ ነበር፤ ልጆቹም የመጡት ለሥራ ጭምር ነው። አንዳንድ ጸሐፍት ይህን ጥቅም ሲያነሡ ደግነቱን ለማሳነስ ይሻሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን አስባለሁ። ልጆቹ የመጡት በእጃቸው ሙያ ይዘው ነው፤ ለሙያቸውም ቦታ ተሰጣቸው። የሃይማኖታቸው እህት ወደ ሆነች ቤተ ክርስቲያን አገር ቢመጡም ስማቸውን ለውጡ፣ ቋንቋችሁን ተዉ አልተባሉም። በሊባኖስ አንጡራ በሚገኘው ማሳደጊያ በጦርነቱ ጊዜ የአርመን ልጆች በግድ የቱርክ ስም ይሰጣቸው እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ራሳችንን ስናመሰግን ዓይናችንን መጨፈን የለብንም። በዚያው በ1916 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር፣ ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ። አዋጅ ያስፈለገው ችግሩ ስለ ነበረ ነው። ለአርባ የባዕድ ልጆች በሩን የከፈተው ቤተ መንግሥት፣ ከደቡብና ከምዕራብ ተፈንግለው በየመኳንንቱ ቤት የሚያገለግሉ የገዛ አገሩ ልጆች ጉዳይ ገና ከደጁ ነበር። እነርሱም ከእናታቸው የተለዩ ነበሩ። ለእነርሱ የነሐስ መለከት አልተነፋም፤ በታሪክ መጻሕፍቶቻችንም «አርባ» ተብለው በቁጥር አልተጠሩም። የሩቁን ወላጅ አልባ ማየት ከቅርቡ ይልቅ ይቀላል፤ የሩቁ የእኛን ጥፋት አያስታውሰንምና።

ሰጪው ተቀባይ በሆነ ጊዜ

ስድሳ ዓመት አለፈና ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የሙዚቃ ሰዎችን ሰብስበው ዘፈን አስቀረጹ፤ ሐምሌ 13 ቀን 1985 ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ የሙዚቃ ትርኢት ተካሄደ። ሕይወት ድኗል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል። ነገር ግን የአርመኑ ታሪክ ፊደል በፊደል ተደገመ። ደርግ ጠኔው እየበረታ ሳለ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሮ ነበር። የግዳጅ ሠፈራውን በይፋ የነቀፈው የፈረንሳይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በታኅሣሥ 1985 ከአገር ተባረረ። ሕፃኑን የሚያሳይ ሥዕል በየቤቱ ገባ፤ ሕፃኑን ያስራበው ጦርነትና ፖሊሲ ግን በሥዕሉ ውስጥ አልታየም። እኛም አንድ ትውልድ ሙሉ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም ሲጠራ የሚታየውን ያንን ሥዕል ተሸክመን በዓለም ዞርን።

ቀጥሎም ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። በጉዲፈቻ ስም ልጆቻችን ወደ ባሕር ማዶ መሄድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት ከ2,500 በላይ ናቸው። ብዙዎቹ መልካም ቤተሰብ አግኝተዋል። ነገር ግን ገንዘቡ በበዛበት «ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል ራሱ ሸቀጥ ሆነ፤ እናትና አባት ያላቸው ሕፃናት የሌላቸው ተብለው የተላኩበት ሁኔታ ታይቷል። በ2011 በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት አንዲት ከኢትዮጵያ የተወሰደች ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ጭካኔ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም በ2013 ተፈረደባቸው። በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከለከለ። ክልከላው ያስፈለገው ቀድሞ መደረግ የነበረበት ቁጥጥር ባለመደረጉ ነው።

እዚህ ላይ ክብርት አበበች ጎበናን ሳላነሣ አላልፍም። በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሄደው በረኃብ ከወደቁት መካከል ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላ 21 ሆኑ። ዘመድና ባለቤታቸው ቢቃወሟቸውም ትዳራቸውን ትተው፣ እንጀራና ዳቤ እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ። የውጭ እርዳታ የመጣው በኋላ ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሲያርፉ ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» ብለው አለቀሱላቸው። በእርሳቸው ቤት ሰጪውና ሳህኑ ከሕፃኑ ጋር አንድ ጣራ ሥር ነበሩ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለዛሬዎቹ ኮሚቴዎቻችን ሦስት ነገሮች ማቅረብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ የልመናውን ዋጋ ሕፃኑ አይክፈል። የአንድ ልጅ ፊት፣ ስምና የመከራ ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ አይመለስም፤ ልጁ ያድጋል፣ ሥዕሉ ግን አያድግም። ይልቁንስ ሰጪው ከራሱ ይቀንስ። ጾሞቻችን ሰባት ናቸው፤ ለዚህ የሚሆን እሑድም አርብም አናጣም። ሙስሊም ወገኖቻችንም ዘካና ረመዳን አላቸው።

ሁለተኛ፣ ሒሳብ ይታይ። «ኒር ኢስት ሪሊፍ» በተቋቋመበት አዋጅ መሠረት በየዓመቱ ለምክር ቤት ሪፖርት ያቀርብ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሒሳብ መጠየቅ እንደ ጥርጣሬ፣ ጥርጣሬም እንደ ስድብ ይቆጠራል። የሠፈር እድር እንኳ ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና ተቆጣጣሪ አለው፤ በየወሩም ለአባላቱ ያስረዳል። ከአያቶቻችን እድር ያነሰ ጥንቃቄ ይዘን የሙት ልጅ ገንዘብ ልንነካ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ የምንሰጠው ገንዘብ አፋችንን አይዝጋው። «ፖለቲካ ብናነሣ ሰጪው ይከፋፈላል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ስጋታቸውን አውቀዋለሁ። መዋጮ ሰብሳቢው ኮሚቴ የፓርቲ መድረክ ይሁን አልልም። ነገር ግን ሰጪው ዜጋ ነው። ለትግራይ ልጅ የሚያዋጣው ለአማራውም፣ ለአፋሩም፣ ለኦሮሞውም ልጅ ካላዘነ፣ ያን ልጅ ወላጅ አልባ ያደረገው ማን እንደ ሆነ ካልጠየቀ፣ ጥፋተኛው የራሱ ወገን በሆነ ጊዜ ዝም ካለ፣ የሚሰጠው ገንዘብ የሚቀጥለውን ዓመት ወላጅ አልባዎች የሚቀልብ እንጂ የሚያስቀር አይሆንም። የአሜሪካ ሴኔት በ52 ድምፅ ያደረገውን እኛ በዝምታችን እናደርገዋለን።

በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት አርባ ልጆች ከሰው የተቀበሉት ዳቦ ብቻ አልነበረም፤ ሙያና የሚጠሩበት ስም ነበር። ለልጆቻችን ከዚያ ያነሰ ልንመኝ አንችልም። ስጡ፤ ስትሰጡም ቁጠሩ፤ ቆጥራችሁም ጠይቁ።

ቸር ይግጠመን።